ሽመላን ሰው የማስጠላት ሥራ

አውቶቡሱ ሞልቶ ሞተሩን አስነሥቷል። ከመንገዱ ማዶ አንዲት አሮጊት ዘንቢል አንጠልጥለው ይመጣሉ፤ ሩጫ እንዳይሉት አይሮጡም፣ እርምጃ እንዳይሉት ያለከልካሉ። ሹፌሩ አላያቸውም፤ ወይም «አላየሁም» ለማለት በሚያስችለው መጠን ብቻ ነው ያያቸው። በዚህ መሀል ከተሳፋሪዎቹ የመጨረሻው የሆነ አንድ ጎልማሳ፣ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አንድ እግሩን መሬት ላይ አድርጎ ቆመና ትኬቱን መፈለግ ጀመረ። የደረት ኪሱን ዳበሰ። የሱሪ ኪሱን ዳበሰ። ኮቱን ከፍቶ የውስጡን ዳበሰና ከደረት ኪሱ እንደገና ጀመረ። በሩ እግር እያለበት አይዘጋም።

«ጋሼ፣ ይፍጠኑ እንጂ» አለ ሹፌሩ በመስታወት እያየው።

ሰውዬው መልስ አልሰጠም። አሮጊቷ ሲደርሱ ዘንቢላቸውን ተቀበለ፣ ክንዳቸውን ደግፎ አሳፈራቸው፣ ቀድሞት የተቀመጠ ወጣትንም ዝም ብሎ እያየው ከወንበር አስነሣላቸው። ከዚያ በኋላ ትኬቱ መዳፉ ውስጥ ተገኘ። ከመጀመሪያውም እዚያው ነበር።

በመስኮቱ በኩል ተቀምጦ ይህን ያየውና በኋላም ታሪኩን የጻፈው ሰው፣ ለሰፈሩ አዲስ ስለነበር ጎልማሳው ዲዳ መስሎት ነበር። በልቡም «አፍ ላልሰጠው ሰው እንዲህ ያለ ልብ የሰጠ አምላክ ይመስገን» አለ። ምስጋናው ትክክል ነው። ስለ አፉ ግን ፈጽሞ ተሳስቷል።

ሰውዬውን የሚያውቁት ሁሉ ሬድዮ ነው የሚሉት። ስሙ የወጣለት በመናኸሪያ፣ የአውቶቡስ ረዳት በነበረበት ዘመን ነው። ሬድዮ ያለበት አውቶቡስ ከመታየቱ በፊት ይሰማ ነበር። አንድ እግሩን በሩ ላይ አንጠልጥሎ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ቦታ አለ» ሲል፣ ቦታ እንደሌለ በዓይኑ የሚያየው ሰው እንኳ ጠጋ ይል ነበር። የተጣሉ ባልና ሚስት በእሱ አውቶቡስ ሲሳፈሩ ታርቀው ይወርዳሉ ይባላል። ይህን የሚለው እሱ ራሱ ነው፤ ቢሆንም ያስተባበለ የለም።

በኋላ ትኬት የሚቆርጥ ማሽን መጣ። ረዳት የሚባለው ፍጥረት ከከተማው አውቶቡሶች አንድ በአንድ ጠፋ፤ የማደኛ ጥይት አልተተኮሰበትም፣ የሚቆምበት በር ብቻ ተወሰደበት። ሬድዮ ቤት ውሎ ሚስቱን ሲያነጋግር ወራት አለፉ። ሚስቱ ታጋሽ ሴት ናት፤ ግን ከጎረቤት ሥራ ታፈላልግለት የነበረችው እሷ ራሷ ናት። ያገኘችለት ሥራም ከከተማው ዳር ባለው፣ ሊጠፉ የደረሱ እንስሳት በሚዋለዱበት ጣቢያ የሽመላ ጫጩቶች አሳዳጊ መሆን ነበር።

የጣቢያው ኃላፊ የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ሁሉም ዶክተር ይላታል። ለቅጥር ስታነጋግረው የጠየቀችው ነገር አንድ ነው።

«መናገር ይወዳሉ?»

«ኧረ ዶክተር፣ ምን በወጣኝ» አለና ዝምተኛ ሰው መሆኑን እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አስረዳት።

ቢሆንም ቀጠረችው። ከመጡት አመልካቾች ሁሉ ጫጩቶቹ ሲንጫጩ ጆሮውን ያልያዘው እሱ ብቻ ነበር።

ጣቢያው አንድ ረጅም ቤት ነው፤ በመሀሉ ኮሪደር ያልፋል፣ ግራና ቀኝ ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ክፍል የእንቁራሪቶች ነው። እነዚህ በተራራ ምንጭ ይኖሩ የነበሩ ሲሆኑ ቆዳ ላይ የሚወጣ በሽታ ፈጃቸው። ከዚያ የደረቅ ምድር ኤሊዎች አሉ፤ እነሱን ደግሞ የፈጃቸው ውበታቸው ነው፣ ሰው እያነሣ ወስዶ ሸጣቸው። ከኤሊዎቹ ቀጥሎ በመስታወት ገንዳ የአንድ ሐይቅ ዓሣዎች ይዋኛሉ፤ ሐይቃቸው ውስጥ ከሌላ አገር የመጣ ትልቅ ዓሣ ተጨምሮ የእነሱን ልጆች በልቶ ጨረሰ። ሽመላዎቹ በጓሮ፣ በአጥር ውስጥ ናቸው። የነበሩበት ረግረግ ውኃው ተንጠፍጥፎ እርሻ ሆነ፤ የቀረው ቁራጭ ላይ ደግሞ የመብራት ሽቦ አለፈበት። ሁሉም በየአገሩ የየራሱን ሞት ሲሞት ቆይቶ፣ የተረፈው እዚህ ኮሪደር ላይ ጎረቤት ሆነ።

እንቁራሪት ቤት የምትሠራው ሴት ምላሷ የማያርፍ ናት። ሬድዮ ሥራ በጀመረ ሰሞን እንዲህ አለችው፦

«የኔዎቹ ንጹሕ ውኃ ይፈልጋሉ፤ እሱን ከቧንቧ እቀዳለሁ። ኤሊዎቹ ሌባ የማይዘለው አጥር ይፈልጋሉ፤ እሱን አናጢ ይሠራል። አንተ ሬድዮ ግን የተጠየቅኸው ዝምታ ነው። ከየት ታመጣዋለህ?»

«እበደራለሁ።»

«ከማን?»

«ካንቺማ አይሆንም» አላት።

ዝምታው እንዲሁ የመጣ ደንብ አይደለም። የሽመላ ጫጩት ከእንቁላሏ ስትወጣ ቀድማ ያየችውን እናቴ ትላለች። ሰው ካየች ሰው እናቷ ነው፤ አድጋ ረግረግ ስትለቀቅም ወገኖቿን ትታ ወደ ሰው ትሄዳለች፣ ሰው ባለበት ደግሞ ውሻ አለ፣ ወንጭፍ አለ፣ የእርሻ መርዝ አለ። ስለዚህ አሳዳጊው ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ በግራጫ ጨርቅ ይሸፈናል። በቀኝ እጁ የሽመላ ራስና አንገት የመሰለ ጓንት ያጠልቃል፤ በእሱ ምንቃር እህል ያነሣል፣ ውኃ ያሳያል። ቀበቶው ላይ የታሰረች ትንሽ ማጫወቻ የእናት ሽመላን ጥሪ ታሰማለች። አሳዳጊው ራሱ አይናገርም፣ አይስቅም፣ ሲያስነጥሰው እንኳ ከአጥሩ ወጥቶ ነው። ለጫጩቶቹም ስም አይወጣም፤ እግራቸው ላይ ባለው ቀለበት ቀለም ይለያሉ። አራት ነበሩ፦ ቀዩ፣ ሰማያዊው፣ ነጯና ቢጫዋ።

ሬድዮ ደንቡን ጠበቀ። ቀኑን ሙሉ የታፈነው ቃል ግን የትም አይሄድም፤ ማታ ቤት ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ይጀምራል።

«አንተ ሰውዬ» ትለዋለች ሚስቱ፣ «ሽመላዎቹ ያልሰሙትን ሁሉ እኔ ልስማ?»

«ምን ላድርግ፣ እዚያ ከተናገርኩ ይጠፋሉ።»

«እዚህ ስትናገር እኔ ብጠፋስ?»

«አንቺማ ብዙ ነሽ» ይላል፤ እሷም በትራስ ትመታዋለች።

ቢጫዋ ከአራቱ ደካማዋ ነበረች። መጨረሻ የተፈለፈለች፣ ቀጭን፣ ምግብ ስታይ ፊቷን የምታዞር። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል፤ ይቺ እንቁላል ግን በእግሯ ሄዳም መንገዱ ያላማራት ትመስላለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ድንገት ከባድ ዝናብ ጣለ። ሦስቱ ሮጠው መጠለያው ገቡ። ቢጫዋ በሩ ላይ፣ ግማሽ አካሏ ውጭ ግማሽ አካሏ ውስጥ ሆና ቀረች፤ ትንቀጠቀጣለች። ሬድዮ ማጫወቻዋን ተጫነ፤ ውኃ ገብቶባት ዝም አለች። ጓንቱን አወዛወዘ፤ ቢጫዋ አላየችውም። እጁን ዘርግቶ እንዲያነሣት ደንቡ አይፈቅድም፤ እዚያው ብትቀር ደግሞ እንደማታድር ያውቃል። በሩ ላይ የቆመ መንገደኛ፣ ውስጥ ባዶ ቦታ፣ ውጭ ዝናብ። ለዚህ ዓይነቱ ነገር እድሜ ልኩን የተናገረው ቃል አንድ ነው፤ ቃሉም ፈቃድ ሳይጠይቅ ከአፉ ወጣ።

«ጠጋ በይ፣ ጠጋ በይ፣ ቦታ አለ።»

ቢጫዋ ቀና አለች። ገባች። ከጓንቱ ምንቃር የመጀመሪያውን ጥሬ ተቀብላ ዋጠች።

ሬድዮ ፈጣሪውን አመሰገነ፤ በልቡ፣ ምክንያቱም ደንቡ የልብን ነገር አይከለክልም። ከዚያ ቀን በኋላ ቢጫዋ ምግብ እምቢ ባለች ቁጥር ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ይልና ያንኑ በሹክሹክታ ይላታል። በላች። ወፈረች። ክንፏ ሞላ። ከአፍ የወጣ አፋፍ መሆኑን እያወቀ፣ አፋፉ ግን ገና ሩቅ ይመስለው ነበር።

ጫጩቶቹ ለመብረር ሲደርሱ ፈተና አለ። ዶክተር ሽፋን ሳትለብስ፣ በገዛ ፊቷና በገዛ ድምፅዋ እያወራች በአጥሩ ዳር ትሄዳለች፤ ወፎቹ ከሸሹ አለፉ። በዚያ ጠዋት «እንደምን አደራችሁ» ብላ ስትጀምር ቀዩ፣ ሰማያዊውና ነጯ ክንፋቸውን እያርገበገቡ ወደ ማዶው ጥግ ሸሹ። ቢጫዋ ግን በረጅም እግሯ ቀስ ብላ መጥታ አጥሩ ላይ ቆመች፤ አንገቷንም ዘመም አደረገች፣ ወሬ እንደሚጠብቅ ሰው።

ዶክተር ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ወደ ሬድዮ ዞረች።

«ጋሽ ሬድዮ፣ ተናግረዋል?»

«ትንሽ።»

«ምን አሏት?»

«ጠጋ በይ፣ ቦታ አለ።»

«ስንት ጊዜ?»

«እስክትጠግብ ድረስ።»

ዶክተር አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለው ነበር። ቢሮዋ አስቀምጣ እንደ ሐኪም ነገረችው። ረግረጉ ላይ የቀሩት ሽመላዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከእነሱ ውስጥ ሴቶቹ ደግሞ ጥቂት ናቸው። አንዲት ሴት ሽመላ ብትገባላቸው የሚመጣው ትውልድ ይተርፍ ይሆናል። ሰው የምትወድ ሽመላ ግን አትለቀቅም፤ ብትለቀቅ አትከርምም። አጥር ውስጥ ብትቀር ረጅም ዕድሜ ትኖራለች፤ ለረግረጉ ግን እንደሞተች ነው።

«ስለዚህ» አለች ዶክተር፣ «የዱር ሽመላዎቹ መንጋ ወደ ረግረጉ እስኪወርድ ድረስ ጊዜ አለን። ሰውን ትጠላ ዘንድ ማስተማር አለብን።»

«ሰውን ለማስጠላትማ ሰው ራሱ ይበቃል» አለ ሬድዮ። ቀልዱ እሱንም አላሳቀው።

መጀመሪያ የሞከረችው የእንቁራሪት ቤቷ ሴት ናት። ሁለት ቆርቆሮ ይዛ፣ እያጋጨች፣ እየጮኸች አጥሩ ውስጥ ገባች። ሦስቱ ወፎች ለመብረር ሲሞክሩ ተጋጩ። ቢጫዋ ቆርቆሮውን ለማየት ቀረበች።

«ይቺማ ሠርግ የመጣች ነው የመሰላት» አለች ሴትዮዋ፣ እያለከለከች።

ዶክተር አሰበችበት። ወፏ ያመነችው የሰውን ድምፅ ነው፤ ድምፁም የሬድዮ ነው። ስለዚህ ማስፈራራት ያለበት ራሱ ድምፁ ነው። በማግስቱ ሬድዮ ሽፋኑን አውልቆ ለመጀመሪያ ጊዜ በፊቱ ገባ። ትንፋሹን ሰብስቦ ጮኸባት።

«ሂጂ ከዚህ! አንቺ የማትረቢ! ጥፊ ከፊቴ!»

ቢጫዋ እየሮጠች መጣች።

«ትሰሚያለሽ? አንቺ እግረ ረጅም፣ አንቺ ቀለበታም፣ ማን ጠርቶሽ ነው?» እያለ ወደኋላ አፈገፈገ፤ እሷም ተከተለችው፤ በአጥሩ ዙሪያ እሱ እየተሳደበ እሷ እየተከተለች ዞሩ። የእንቁራሪት ቤቷ ሴት አጥሩን ተደግፋ ዓይኗን ጠረገች።

«አንተ ሬድዮ፣ መስደብህ ነው? እንዲህ አድርጎ የሚሰድበኝ ባገኝ እኔም እከተል ነበር።»

እውነቷን ነው። መናኸሪያ ላይ የሚሰደብ የሚወደድ ሰው ነው፤ የማይወደድ ይታለፋል። ሬድዮ ከዚህ ሌላ ስድብ አልተማረም።

ማታ ለሚስቱ ነገራት። ያን ቀን ጫማውን አውልቆ፣ ተቀምጦ ነው የጀመረው።

«ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች ይባላል» አለች ሚስቱ። «የዚችኛዋ አገር መናኸሪያ ሆነ በለኛ።»

«አትቀልጂ። እዚያ አጥር ውስጥ ልታረጅ ነው። እኔ ነኝ ያሰርኳት።»

ሚስቱ ቀልዱን ተወች። «አንተ ጮኸህብኝ ፈርቼህ አላውቅም» አለች። «አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያስፈራኸኝ። ነይማ ቁጭ በይ፣ የምነግርሽ አለ ብለህ፣ በዚያው በደግ ድምፅህ፣ ከሥራ መቀነስህን የነገርከኝ ቀን። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ነይማ ቁጭ በይ ስትለኝ ልቤ ይደነግጥ ነበር።»

ሬድዮ ይህን ነገር እያመነዠከ አደረ፤ ጠዋት ዶክተር ቢሮ ገብቶ ቆመ።

«መጮኹ አይደለም» አላት። «ወደ ደጉ ቃል መጥታ ክፉ ነገር ማግኘት አለባት።»

ዶክተር ብዕሯን አስቀመጠች። «የማይጎዳት ነገር መሆን አለበት።»

«ቀዝቃዛ ውኃ።»

«ይችላሉ?»

«አልችልም» አለ ሬድዮ። «ባልዲው የት ነው?»

ብርድ ያለበት ጠዋት ነበር። ሬድዮ ባልዲውን ከጀርባው ይዞ አጥሩ ውስጥ ገባ። ጎንበስ አለ። በዚያ በዝናቡ ቀን ባወጣው ድምፅ፣ አንዲት ቃል ሳያጓድል፣ «ጠጋ በይ፣ ጠጋ በይ፣ ቦታ አለ» አላት። ቢጫዋ መጣች። ሙሉውን ባልዲ ደፋባት።

ወፏ አልሸሸችም። ክንፏን አራግፋ ቆመችና አየችው። የመጀመሪያውን ስሕተት ነው ብላ ይቅር ያለችው ይመስላል። ሬድዮ ሁለተኛ ባልዲ ለመቅዳት ሲሄድ ቧንቧው አጠገብ ከሚገባው በላይ ቆየ። የእንቁራሪት ቤቷ ሴት በመስኮቷ አየችው፤ የምትለው ነገር አላጣችም፣ ግን አላለችውም፤ መጥታ ባልዲውን ሞላችለትና ተመለሰች።

ነገሩ ለቀናት ቀጠለ። ቢጫዋ መጀመሪያ ፈጥና ትመጣ ነበር። ከዚያ እየተጠራጠረች፣ ግማሽ መንገድ እየቆመች መጣች። መምጣቷን ግን አልተወችም፤ ለሬድዮ የከበደውም ይሄ ነው። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ገና አጥሩ በር ላይ ሆኖ «ጠጋ በይ» ሲል፣ ቢጫዋ ክንፏን ዘርግታ፣ ከሦስቱም ቀድማ፣ የአጥሩ መጨረሻ ጥግ ላይ ነበረች። ከዚያ ሆና በአንድ ዓይኗ አየችው፤ ሽመላ ሰውን እንደሚያየው።

«በጣም ጥሩ» አለች ዶክተር ከኋላው።

ሬድዮ ባልዲውን ሊያጥብ ሄደ። ውኃ ብቻ ይዞ የነበረን ባልዲ በሳሙና አጠበው፣ አለቀለቀው፣ እንደገና አጠበው። ማታ ቤት ገብቶ ምንም አልተናገረም። ሚስቱ ግንባሩን ዳበሰችው፤ ትኩሳት የለውም። ራቱን አቅርባለት አጠገቡ ተቀመጠች። ጎረቤቶች ያን ምሽት ሬድዮ አገር ቤት የሄደ መሰላቸው።

ዶክተር ግን የምታውቀውን ብቻ የምትናገር ሴት ናት። ቢጫዋ ሬድዮን ትሸሻለች። ሌላ ሰው ሲያናግራት አንዳንዴ ትሸሻለች፣ አንዳንዴ ቆማ ታስባለች። «ማሰብ ለሽመላ ጥሩ ምልክት አይደለም» አለች ዶክተር። ቢሆንም መንጋው ወርዷል፤ ለሚቀጥለው ዓመት ማቆየት ለበለጠ መላመድ ነው። ስለዚህ ከሦስቱ ጋር ትለቀቅ ተባለ፤ ወደ ሰው ስትቀርብ ከታየች ግን ተይዛ ትመለሳለች፣ ከዚያ በኋላ መውጣት የለም።

በመልቀቂያው ቀን ሬድዮ ሽፋኑን ለብሶ፣ ጓንቱን አጥልቆ፣ ዲዳ ሆኖ በሩን ከፈተ። ቀዩ ወጣ፤ ሰማያዊውና ነጯ ተከተሉት። ቢጫዋ በሩ ላይ ቆመች። ከጨርቁ ሥር የሬድዮ ከንፈር ተንቀሳቅሶ እንደሆነ ማንም አላየም፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ቢጫዋም ራሷ አስባ፣ ራሷ ወጥታ፣ በረረች። ሬድዮ ከሰማዩ ላይ የጠፋችበትን አቅጣጫ እያየ አምላኩን አመሰገነ። የለመነውን ሰጥቶታል፤ የለመነው ደግሞ ልጁ እንድትጠላው ነበር።

ዶክተር ሽፋኑን እንዲያወልቅ እየረዳችው እንዲህ አለችው፦

«ጋሽ ሬድዮ፣ አንድ ነገር። እርስዎ ረግረጉ አጠገብ እንዳይደርሱ። ድምፅዎን ከሰማች ወይ ትሸሻለች፣ ወይ ትመጣለች። ሁለተኛውን ለማወቅ አልደፍርም።»

«እኔም» አለ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው ያ ዲዳ የተባለው ሰው አውቶቡስ ውስጥ ታሪኩን ከጻፈው ከአዲሱ ጎረቤቱ አጠገብ የተቀመጠውና እስከ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ ያወራው። በማግስቱም አወራ። በሦስተኛው ቀን ጎረቤትየው የሚሠራበት የጡብ ፋብሪካ ከረግረጉ ማዶ መሆኑን፣ ወደ ሥራው የሚወስደውም የእግር መንገድ ውኃውን ታክኮ እንደሚያልፍ በወሬ መሀል አነሣ። ሬድዮ የጀመረውን ወሬ አቋረጠ። የሚያውቁት ሰዎች ይህን አያምኑም፤ ግን አቋረጠ።

«በየቀኑ ነው የምታልፈው?»

«በየቀኑ።»

«ሽመላ አይተህ ታውቃለህ?»

«ከሩቅ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ሸምበቆው ውስጥ። ቀለበታቸውን ግን ልብ ብዬ አላየሁም።»

ሬድዮ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። አውቶቡሱ ሁለት ቦታ ቆሞ ተነሣ።

«እንግዲህ ወንድሜ፣ አስቸግርሃለሁ» አለ በመጨረሻ፣ እንደ ልማዱ ሳይሆን ዝግ ብሎ። «እግሯ ላይ ቢጫ ቀለበት ያላት ካየህ፣ አታናግራት። ዝም ብለህ እለፍ። ከሸሸችህ እሰየው። ግን ደግሞ ቆማ ካሰበች፣ ከዚያም ወደ አንተ ጠጋ ካለች… ሰው አይቶ ሳያስይዛት ከመሬት አንድ ጓል አንሣና ወርውርባት። እንዳትመታት። ግን በጣም አርቀህም አትጣለው፤ እግሯ ሥር ይፈንዳ። እጅህ እንዳይራራ። እኔ መሄድ አልችልም፤ ብችልም እጄን አላምነውም። አንተ ደግሞ አታውቃትም፤ ይሆንልሃል። ወርውርባትና፣ በየት በኩል እንደሸሸች ብቻ መጥተህ ንገረኝ።»